የቅርጫት ኳስ ውርወራ መለማመጃ መሣሪያዎች በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ትምህርት ቤቶች

መግቢያ

በአንድ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስልሳ ተማሪዎች በአንድ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ፊት ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ እንበል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ሲሆን፣ ለመሰለፍና ሰውነትን ለማሟሟቅ የሚውለው ሲቀነስ ለውርወራ የሚተርፈው 30 ደቂቃ ያህል ነው። አንዱ ወርውሮ ኳሱ ተለቅሞ ለተከታዩ እስኪደርስ 10 ሴኮንድ ቢወስድ፣ በጠቅላላው 180 ውርወራ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ደግሞ ሦስት ውርወራ ይደርሳል ማለት ነው። ሦስቱንም የሳተ ልጅ፣ ያውም ሃምሳ ዘጠኝ ጓደኞቹ እያዩት፣ ከዚያ ሜዳ ይዞት የሚወጣው «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» የሚል እምነት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከሰልፉ ኋላ ይቆማል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ተራውን ለሌላ ይለቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዳይሆን የሚረዱ የውርወራ መለማመጃ መሣሪያዎች ምን ምን እንደሆኑ፣ በጎንደር ከተማና ከወገራ እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ጃናሞራ ባሉት ደጋማ ወረዳዎች በሚገኝ ቁሳቁስ እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ፣ እንዲሁም በምን ሥርዓት ቢሠራባቸው የተማሪውን ዒላማ የመምታት ችሎታና በራስ የመተማመን መንፈስ እንደሚያጎለብቱ ማስረዳት ነው። ከዚሁ ጋር ዕቅድ አውጪዎች ሊመልሱት የሚገባ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ ያለው ጥቂት ገንዘብ በአንድ ደንበኛ ማማ ላይ ይዋል ወይስ በብዙ ዝቅተኛ ቀለበቶች ላይ የሚለው ነው።

1. ጨዋታውና መለኪያዎቹ

የቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ጄምስ ኔስሚዝ በተባለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የተፈጠረ ጨዋታ ነው። መምህሩ በክረምት ብርድ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ተማሪዎቹ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት መደገፊያ ላይ በምስማር መታቸው። መደገፊያው ከወለሉ 10 ጫማ፣ ማለት 3.05 ሜትር ከፍታ ስለነበረው የቀለበቱ ቁመት እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ሁሉም እንደ ሕግ የሚያየው ቁመት የልጆች አካል ተለክቶ የተወሰነ አይደለም፤ የአንድ አዳራሽ አሠራር ያወረሰን ነው።

ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1932 በጄኔቭ የተመሠረተ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1949 አባል ሆናለች። በፌዴሬሽኑ ደንብ መሠረት የቀለበቱ የውስጥ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሰሌዳው 1.80 በ1.05 ሜትር፣ የነፃ ውርወራ መሥመር ከሰሌዳው ፊት 4.60 ሜትር ነው። ወንዶች በቁጥር 7፣ ሴቶች በቁጥር 6 ኳስ ይጫወታሉ። ለልጆች ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ጄይ አርቸር በተባለ አሜሪካዊ መምህር የተጀመረ የራሳቸው ጨዋታ አላቸው። በዚህ ጨዋታ ዛሬ በሚሠራበት ደንብ ቀለበቱ 2.60 ሜትር፣ ሰሌዳው 1.20 በ0.90 ሜትር፣ የነፃ ውርወራው ርቀት 4 ሜትር፣ ኳሱም ቁጥር 5 ሆኖ ክብደቱ ከ470 እስከ 500 ግራም ነው። ስለሆነም ቀለበትን ዝቅ ማድረግ ደንብ እንደማፍረስ መታየት አይገባውም።

2. ዝቅተኛው ቀለበት ለምን ይረዳል?

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ኳሱን ከመሬት 1.50 ሜትር ከፍታ ላይ ይለቅቃል፣ ከቀለበቱም 4 ሜትር ይርቃል እንበል። የአየር ግጭት ሳይታሰብ፣ ኳሱን ወደ 3.05 ሜትር ቀለበት ለማድረስ የሚበቃው ዝቅተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 7.6 ሜትር ያህል ነው። ቀለበቱ 2.60 ሜትር ቢሆን ግን 7.2 ሜትር ይበቃል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በጉልበት ሲመነዘር አንድ አሥረኛ ያህል ቅናሽ ነው። ጉልበቱ ከዳር የደረሰ ልጅ ኳሱን ከወገቡ ሥር አንሥቶ በሁለት እጁ የሚያሽቀነጥረው ይህ አንድ አሥረኛ ስለሚጎድለው ነው። ቅርጹ የተበላሸ ውርወራ በየቀኑ ሲደጋገም ልማድ ይሆንና ልጁ ካደገም በኋላ ለማረም ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምክንያት የቀለበቱ «አፍ» ነው። ኳሱ ከላይ ቀጥ ብሎ ቢወርድ 45 ሴንቲ ሜትሩን በሙሉ ያገኛል። አግድም እያዘነበለ በመጣ መጠን ግን አፉ ይጠብበታል፤ በ45 ዲግሪ ሲገባ 32 ሴንቲ ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ሲገባ 22.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይታየዋል። የቁጥር 7 ኳስ ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ30 ዲግሪ የመጣ ኳስ ብረቱን ሳይነካ ሊገባ አይችልም። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ፣ ጉልበቱን ሁሉ አሟጦ የወረወረው ልጅ ኳስ ወደ ከፍተኛው ቀለበት የሚደርሰው በ34 ዲግሪ ሲሆን፣ ወደ ዝቅተኛው ቀለበት በ37 ዲግሪ ይደርሳል። ስፋቱ 22 ሴንቲ ሜትር ለሆነው የቁጥር 5 ኳስ በመጀመሪያው 3፣ በሁለተኛው 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቦታ ይተርፈዋል። ስለዚህ ዝቅተኛው ቀለበት ጉልበት ይቆጥባል፤ ለስሕተትም ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል።

3. ጥናቶች ስለ መተማመንና ስለ አተኩሮ ምን ይላሉ?

አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጥናት አንድ ሰው «እችላለሁ» ብሎ የሚያምንባቸውን አራት ምንጮች ዘርዝሯል፤ እነዚህም በራስ የተገኘ ውጤት፣ የመሰሎችን ውጤት ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻና የገዛ አካል ስሜት ናቸው። ከአራቱ ጽኑው በራስ የተገኘው ውጤት ነው። ይህ ማለት መምህሩ «አይዞህ፣ ትችላለህ» ቢል መልካም ቢሆንም፣ ልጁ ኳሱ መረቡን ሲያልፍ በዓይኑ ካላየ ማበረታቻው ብዙ ርቀት አይወስደውም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ቼዝ፣ ዩዊንግ፣ ሊርግና ጆርጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ9 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆችን በ2.44 ሜትርና በ3.05 ሜትር ቀለበቶች አስወርውረው አወዳድረዋል። ልጆቹ በዝቅተኛው ቀለበት ብዙ አስቆጠሩ፤ በችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነትም በዚሁ ቀለበት ከፍ ብሎ ተገኘ። መሣሪያን ማስተካከል ዒላማንና መተማመንን በአንድ ጊዜ እንደሚነካ ይህ ጥናት በግልጽ ያሳያል።

ከዚህም ሌላ፣ ከርና ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ልጆችን ትንንሽ ከረጢቶች ወደ ዒላማ ሲያስወረውሩ፣ ከሁለት የተለያዩ ርቀቶች የተለማመዱት ልጆች ባልተለማመዱበት መካከለኛ ርቀት ሲፈተኑ፣ በዚያው በመካከለኛው ርቀት ብቻ ሲለማመዱ ከቆዩት ልቀው ተገኝተዋል። ስለሆነም አንድ ቦታ ተተክሎ መቶ ጊዜ ከመወርወር፣ ቦታን እየለዋወጡ መወርወር ይበልጥ ያስተምራል።

የአተኩሮም ነገር አለ። ዛካሪ፣ ዉልፍ፣ መርሰርና ቤዞዲስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ጥናት፣ በነፃ ውርወራ ጊዜ ሐሳባቸውን በቀለበቱ ላይ ያሳረፉ ወርዋሪዎች በእጃቸው አንጓ እንቅስቃሴ ላይ ካሳረፉት ይበልጥ ዒላማቸውን መትተዋል፤ ጡንቻቸውም በቁጠባ ሠርቷል። ጆአን ቪከርስም እ.ኤ.አ. በ1996 የተዋጣላቸው ወርዋሪዎች ከመልቀቃቸው በፊት ዓይናቸውን በዒላማው ላይ ረዘም አድርገው እንደሚያሳርፉ አሳይታለች። ይህ ለደጋው ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ከሰሜን ተራራ ሥር ያለ እረኛ ጭላዳና ወፍ ከእህል ለመከልከል ወንጭፉን ሲያሽከረክር ክንዱን አይመለከትም፤ ዓይኑና ልቡ ከዒላማው ላይ ናቸው። መምህሩ «አንጓህን እጠፍ፣ ክርንህን አስገባ» እያለ ከሚያበዛ ይልቅ «የቀለበቱን የኋላ ከንፈር እይ» ቢለው፣ ልጁ የሚያውቀውን ወደማያውቀው ያሻግራል።

4. በአካባቢ ሊሠሩ የሚችሉ መሣሪያዎች

ሀ) ከፍ ዝቅ የሚል ቀለበት። 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ 1.46 ሜትር ያህል ተቆርጦ በክብ ሲጠቀለልና ሲበየድ የውስጥ ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለበት ይወጣል። በገበያ ከሚሸጠው ባለ 12 ሜትር ፌሮ ስምንት ቀለበት ማውጣት ይቻላል። ቀለበቱ ከሰሌዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በላሜራ መያዣ ይታሰራል። ሰሌዳውን የሚሸከመው ቱቦ በ2.40፣ በ2.60 እና በ3.05 ሜትር ላይ ተበስቶ በብሎን ቢያያዝ፣ አንዱ ማማ ለሦስት የዕድሜ ክልል ያገለግላል። የብረት ቱቦ ከሌለ የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ይተካዋል፤ በዚህ ጊዜ ቁመቱ አንድ ብቻ ስለሚሆን 2.60 ሜትር ይመረጣል።

ለ) መረብ። ከቃጫ ገመድ የሚታሰር መረብ እንደ ጌጥ ብቻ የሚታይ አይደለም። ኳሱ በቀለበቱ ውስጥ ማለፉን ለወርዋሪው ያረጋግጥለታል፤ ኳሱም በፍጥነት ሳይወነጨፍ ከማማው ሥር እንዲወድቅ ያደርጋል። መረብ የሌለው ቀለበት ገባ አልገባ የሚል ክርክር ያስነሣል።

ሐ) የቅስት ገመድ። በሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል፣ ከወርዋሪው 2.5 ሜትር ርቀት፣ ከመሬት 2.90 ሜትር ከፍታ ላይ ገመድ ይወጠራል። ከ4 ሜትር ወደ 2.60 ሜትር ቀለበት የሚወረውር ተማሪ ኳሱን በገመዱ ላይ ማሳለፍ አለበት። ገመዱ አግድም የሚሄደውን ውርወራ ይከለክላል፤ መምህሩም ስለ ማዕዘን ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልገውም። ተማሪው ሲበረታ ገመዱ በትንሽ በትንሹ ከፍ ይላል።

መ) የሰሌዳ ዒላማ። በሰሌዳው ላይ ከቀለበቱ በላይ አራት ማዕዘን በነጭ ቀለም ይሣላል፤ በደንበኛው ሰሌዳ ላይ ስፋቱ 59፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጎን የሚወረውር ተማሪ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ግልጽ ቦታ ያገኛል።

ሠ) ኳስ መላሽ። አራት የማዳበሪያ ከረጢቶች ተሰፍተው ከቀለበቱ ሥር በተዳፋት ሲወጠሩ የወደቀው ኳስ ወደ ወርዋሪው ይንከባለላል። ውድ የሆኑት ኳስ መላሽ መኪናዎች በሌላው ዓለም የሚሠሩትን ሥራ በከፊል ይተካል፤ በተለይም ሜዳው ገደላማ በሆነበት ትምህርት ቤት ኳስ ፍለጋ የሚባክነውን ጊዜ ያድናል።

ረ) የጨርቅ ኳስ። እውነተኛ ኳስ በማይበቃበት ጊዜ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮና በአሮጌ ኳስ ልባስ ተሸፍኖ ክብደቱ ወደ 480 ግራም እንዲደርስ ቢደረግ ለውርወራ ልምምድ ያገለግላል። እንደማይነጥር የታወቀ ስለሆነ ለማንጠር ልምምድ አይውልም።

ሰ) ጠባብ ቀለበት። ከዋናው ቀለበት ውስጥ የሚንጠለጠል ባለ 38 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ለበረቱት ብቻ የሚሰጥ ነው። ለጀማሪ ማቅረቡ በጎ ፈንታ ጉዳት ያመጣል፤ ገና ያልተተከለ መተማመንን ይነቅላልና።

5. ከደጋው አየርና መሬት ጋር ማስማማት

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በጎንደር 77፣ በደባርቅ 71 በመቶ ያህል ነው። በዚህ የተነሣ በጎንደር ተነፍቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ኳስ ሲደርስ ጠጠር ብሎ ይገኛል፤ በማለዳው ብርድ ደግሞ ይላላል። መለኪያ መሣሪያ ባይኖርም ፈተናው ቀላል ነው። ኳሱ ሥሩ ከመሬት 1.80 ሜትር ሲሆን ይለቀቃል፤ ለረጅም ዘመን በሠራው ደንብ መሠረት፣ አናቱ ሲለካ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ድረስ መንጠር ይኖርበታል። ከዚያ በላይ ከነጠረ ይተነፍስለታል፤ ካነሰ ይነፋል።

የክረምቱ ዝናብ ለእንጨትና ለብረት ጠላት ነው። የግንዱ ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ቀለበቱና ብየዳው በፀረ ዝገት ቀለም ይሸፈናሉ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት መረቡና ከረጢቱ ወርደው በመጋዘን ቢቀመጡ ዕድሜያቸው ይረዝማል። ማማው ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ተቀብሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ይጠቀጠቃል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በበጋ ስለሚሰነጠቅና በክረምት ስለሚያብጥ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጎ በጠጠር መሙላት ያስፈልጋል። ከጭቃ በተሠራ የመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀለበት መትከል አይገባም። በቀለበት መንጠልጠልም በጥብቅ ይከልከል፤ የወደቀ ማማ ልጅ ይገድላል።

6. የልምምዱ ሥርዓትና የውርወራ መዝገብ

ልምምዱ ከቅርብ ይጀመራል። ተማሪው መጀመሪያ ከቀለበቱ 1.5 ሜትር ርቆ ይወረውራል፤ ከአሥር ውርወራ ስድስቱን ማስገባት ሲችል ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ይላል። በየርቀቱ ከመካከል፣ ከግራና ከቀኝ እየተዘዋወረ ይወረውራል እንጂ በአንድ ቦታ አይተከልም። ከሁለት ርቀት በኋላ የቅስት ገመዱ ይገባል። ቀለበቱን ወደ 3.05 ሜትር ከፍ ማድረግ የሚገባው ተማሪው ከ4 ሜትር በአንድ እጅ እየገፋ፣ ቅርጹ ሳይበላሽ መወርወር ሲችል ነው።

እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ ጀርባ ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የወረወረውንና ያስገባውን ይመዘግባል። መዝገቡ ተማሪውን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንት ራሱ ጋር ያወዳድራል። መምህሩ ግን በአንድ ቀን ቁጥር አይደናገር። ከአሥር ሦስት የሚያስገባ ልጅ ችሎታው ምንም ሳይለወጥ በዕድል ብቻ አንድ ቀን አምስት፣ ሌላ ቀን አንድ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ዕድገት የሚለካው የአምስት ክፍለ ጊዜ ውጤት፣ ማለት ሃምሳ ውርወራ ተደምሮ ከቀደሙት ሃምሳ ጋር ሲተያይ ነው። ይህንን ለተማሪውም ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ክፉ ቀን የችሎታ ማነስ ምልክት እንዳይመስለው።

ለሴት ተማሪዎች የተለየ ትኩረት ይሰጥ። ሰልፉ አንድ ብቻ ሲሆን በግፊያ ወደ ኋላ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ከቀለበቶቹ ቢያንስ ግማሾቹ በክፍለ ጊዜው ለሴቶች ቡድን ቢመደቡና ለእንቅስቃሴ የሚመች ልብስ ቢፈቀድላቸው፣ የውርወራ ቁጥራቸው ከወንዶቹ ጋር ይስተካከላል። ቁመቱን መለዋወጥ የሚቻል ቀለበት ተቀምጠው ለሚወረውሩ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም በር ይከፍታል።

7. ለዕቅድ አውጪዎች

በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ እንደነበር፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ እንደተቋረጠ ይታወቃል። ከእንዲህ ያለ መቋረጥ በኋላ ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው «ዛሬ አንድ ነገር ተሳካልኝ» የሚልበት ሰዓት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ይህን ሰዓት በርካሽ ሊሰጥ ይችላል፤ እንደ ትርፍ ትምህርት ታይቶ መጀመሪያ የሚታጠፈው ግን እርሱ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ሲታቀዱም ሆነ ሲጠገኑ «የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ ወይስ የለም?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «አንድ ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ ይወረውራል?» የሚለው ቢጠየቅ ይበጃል። በመግቢያው የተጠቀሰው የስልሳ ተማሪዎች ክፍል ስድስት ዝቅተኛ ቀለበቶችና ስድስት ኳሶች፣ የጨርቁም ጭምር፣ ቢኖሩት የእያንዳንዱ ድርሻ ከሦስት ወደ አሥራ ስምንት ውርወራ ከፍ ይላል። የሲሚንቶ ሜዳና ባለ 3.05 ሜትር ማማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር አስፈላጊ መሆኑ አይካድም። ለአንደኛ ደረጃ ግን ቅድሚያው የቀለበት ብዛት ነው።

ሥራው ሊከፋፈል ይችላል። ቀለበትና መያዣውን የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች በብየዳ ልምምዳቸው ሊያወጡ፣ መረቡንና ከረጢቱን ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ጋር ሊሠራ፣ የጉድኝት ማዕከሉም ናሙናውን ይዞ ለአባል ትምህርት ቤቶች ሊያሳይ ይችላል። በጎንደር ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጥቂት ትምህርት ቤቶች የዝቅተኛውንና የከፍተኛውን ቀለበት ውጤት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በመለካት ለቀጣዩ ዕቅድ የሚጠቅም መረጃ ሊሰጡ ይገባል። መለካት ያለበት የገባው ኳስ ቁጥር ብቻ አይሆንም፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ስንት ተማሪ ሳይታዘዝ ኳስ ለማንሣት እንደሚወጣም ሊቆጠር ይገባል።

ማጠቃለያ

ዒላማ የመምታት ችሎታና በራስ መተማመን አንዱ ሌላውን የሚወልዱ ናቸው። ልጁ ሲያስገባ ያምናል፤ ሲያምን ደጋግሞ ይወረውራል፤ ሲደጋግም ይበልጥ ያስገባል። ይህ ዑደት የሚጀመረው ለአቅሙ በተመጠነ ቀለበት፣ ለእጁ በተመጠነ ኳስና በቂ በሆነ የውርወራ ቁጥር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ፌሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቃጫና ከረጢት በአካባቢው ይገኛል፤ አሠራሩም ከአንድ በያጅና ከአንድ ትጉህ መምህር አቅም በላይ አይደለም። የሚቀረው፣ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅድ ላይ «አንድ ማማ» ተብሎ በሚጻፍበት ረድፍ «ስድስት ቀለበት» ብሎ መጻፍ ነው።